ለሚከሱን እንዴት እንመልስ? ከጥንት ዐቃብያነ እምነት ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዘመናችን ስለ ሃይማኖታችን፣ ስለ አባቶቻችን፣ በተለይም በሰንበት ትምህርት ቤት ስለሚያድጉ ወጣቶች በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በማኅበራዊ መገናኛ ብዙ ይነገራል። ከሚነገረው አንዳንዱ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ካለማወቅ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ታስቦበት የተፈጠረ ሐሰት ነው። ጠዋት ያነበበውን ይዞ የክፍል ጓደኛችሁ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ «እናንተ ዘንድ ለልጆች የሚነገረው ይህ ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። በዚያች ሰዓት ብዙዎቻችን ከሁለት ጉድጓዶች በአንዱ እንወድቃለን። ወይ ቁጣችን ይቀድመንና ስድቡን በስድብ እንመልሳለን፤ ወይ አንገታችንን ደፍተን በዝምታ እናልፋለን። የመጀመሪያው ጠያቂውን ያርቀዋል። ሁለተኛው ደግሞ መልስ ያላገኘው ጥያቄ በልባችን እንዲያድር ያደርጋል፤ ውሎ ሲያድርም እኛኑ ከቤቱ ያስወጣናል።

ይህ ፈተና በእኛ አልተጀመረም። ከእኛ በፊት የነበሩ ክርስቲያኖች ከዛሬው እጅግ የከፋ ነገር ተወርቶባቸዋል፤ ክሱም ሕይወታቸውን ያሳጣቸው ነበር። አመላለሳቸው ግን ቁጣም ዝምታም አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የእነዚያን መላሾች ታሪክ በአጭሩ እናያለን፤ በመጨረሻም ለእኛ የሚሆነውን ትምህርት እንወስዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

የቆየው ክስ፦ «ወጣቶችን ያበላሻል»

ወጣትን የሚመክርና የሚያስተምር ሰው ሁሉ አንድ የታወቀ ክስ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም «ልጆቻችንን ያበላሻል» የሚለው ነው። ከጌታችን ልደት በፊት በ399 ዓመት በአቴና ከተማ ፈላስፋው ሶቅራጥስ ለፍርድ የቀረበው በዚሁ ክስ ነበር። የከተማይቱን አማልክት አያከብርም፣ ወጣቶችንም ያበላሻል ተባለ። ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ በጻፈው የመከላከያ ንግግር ላይ ሶቅራጥስ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይናገራል። አስቸጋሪዎቹ ከሳሾቹ በፊቱ የቆሙት ሜሌጦስ፣ አኒጦስና ሊቆን አይደሉም። የከበዱት ዳኞቹ ገና ልጆች ሳሉ ጀምሮ በጆሯቸው የገባው የቆየ ሐሜት ነው፤ የሐሜቱ ባለቤቶች በስም አይታወቁምና እነርሱን መከራከር ጥላን እንደ መታገል ነው ይላል።

ከፍርዱ ከሃያ ዓመታት በላይ አስቀድሞ፣ ማለትም ከልደት በፊት በ423፣ አሪስቶፋነስ የተባለው ደራሲ «ደመናት» በሚባል የቀልድ ተውኔቱ በሶቅራጥስ ላይ ሕዝቡን አስቆ ነበር። በተውኔቱ ላይ ከሶቅራጥስ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ አባቱን ይደበድባል፤ መደብደቡም ትክክል እንደሆነ በክርክር ያስረዳል። ተመልካቹ ስቆ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ነገሩ ግን በልቡ ቀረ። የዚያን ዘመን ተውኔት የዛሬውን ጋዜጣና ማያ ገጽ ያህል ጉልበት ነበረው።

ሶቅራጥስ እንዴት መለሰ? ከእኔ ጋር ሲውሉ የነበሩ ወጣቶች ዛሬ አድገዋል፤ የበደልኳቸው ነገር ካለ ራሳቸው ተነሥተው ይክሰሱኝ አለ። እነርሱ ቢያፍሩ አባቶቻቸውና ወንድሞቻቸው እዚህ አሉና ይመስክሩብኝ ብሎ በሸንጎው የተቀመጡትን በየስማቸው ጠራ። ሊመሰክርበት የተነሣ አልነበረም። ያም ሆኖ ተፈረደበት። እንግዲህ መልካም መልስ ሁልጊዜ ከፍርድ እንደማያድን ከወዲሁ እንወቅ። ነገር ግን የመምህር እውነተኛ ምስክር ያስተማራቸው ሰዎች ሕይወት መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳየናል፤ ይህንኑ ነገር በክርስቲያኖች ታሪክ ውስጥ ደግመን እናገኘዋለን።

በቤተ ክርስቲያን ላይ የተነዛው ወሬ

በሁለተኛው መቶ ዓመት በሮም ግዛት ስለ ክርስቲያኖች ሦስት ነገሮች ይወሩ ነበር። አንደኛው እግዚአብሔር የለሽ ናቸው የሚል ነው፤ ለጣዖታት አይሠዉም፣ የሚታይ ምስልም የላቸውምና። ሁለተኛው በስውር ተሰብስበው የሰው ሥጋ፣ ያውም የሕፃን ሥጋ ይበላሉ የሚል ነው። ሦስተኛው ወንድምና እኅት እየተባባሉ በዝሙት ይረክሳሉ የሚል ነው።

ወሬው ከየት እንደመጣ ማወቅ አይከብድም። ያልተጠመቀ ሰው ወደ ቅዱስ ቁርባን አይቀርብም ነበር፤ ስለዚህ ውጭ የቀረው ሰው የሰማውን ቁርጥራጭ ቃል እንደ መሰለው ይገጣጥመዋል። ሥጋውን እንበላለን፣ ደሙን እንጠጣለን ሲባል ይሰማል፤ ምሥጢሩን ግን አያውቅም። ባልና ሚስት እንኳ በክርስቶስ ወንድምና እኅት ሲባባሉ ይሰማል፤ ፍቅሩን ግን አላየም። ስብሰባቸውም ጎሕ ሳይቀድ ነበር። በማይታወቅ ነገር ላይ ደግሞ የሰው አሳብ ክፉውን ለመገመት ይቸኩላል።

በ112 ዓ.ም. ገደማ በትንሿ እስያ ሰሜን የቢታንያና የጳንጦስ ገዥ የነበረው ፕሊኒዮስ ይህን ወሬ ለመመርመር ተነሣ። የደረሰበትን ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያኖስ ጽፎ የላከው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ደብዳቤው ሲጻፍ ገዥው ስም የሌለበት፣ የብዙ ሰዎችን ስም የዘረዘረ የክስ ጽሑፍ ደርሶት ነበር። መርምሮ ያገኘው ግን ከወሬው የራቀ ነው። ክርስቲያኖች በታወቀ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ፤ እንዳይሰርቁ፣ እንዳይቀሙ፣ እንዳያመነዝሩ፣ ቃላቸውን እንዳያጥፉ፣ አደራ እንዳይበሉ በመሐላ ይተሳሰራሉ፤ ከዚያም ተለያይተው እንደገና ተገናኝተው ይመገባሉ፤ ምግባቸውም ማንም የሚበላው ንጹሕ ምግብ ነው። ይህም አልበቃው ብሎ ዲያቆናውያት የተባሉ ሁለት አገልጋይ ሴቶችን በሥቃይ መረመረ። እርሱ ከንቱ እምነት ብሎ ከናቀው ነገር በቀር አንዳች ወንጀል አላገኘም።

የትራያኖስ መልስ ግማሹ ጨለማ፣ ግማሹ ብርሃን ነው። ክርስቲያኖች ታድነው አይፈለጉ፤ ተከሰው ከተረጋገጠባቸውና ካልካዱ ግን ይቀጡ ብሎ ጻፈ። አክሎም ስም የሌለው ክስ በየትኛውም ወንጀል ቦታ ሊሰጠው አይገባም፤ እጅግ መጥፎ ልማድ ነውና ከዘመናችን ጋር አይስማማም አለ። ልብ በሉ፣ የተወደዳችሁ። ጣዖት አምላኪ የነበረ ንጉሥ በ2ኛው መቶ ዓመት ያልተቀበለውን ስም የለሽ ክስ እኛ ዛሬ በስልካችን ተቀብለን፣ ሳንመረምር ለሌላ እናስተላልፋለን።

ቅዱስ ዮስጢኖስ ሰማዕት፦ በሩን የከፈተ መምህር

ዮስጢኖስ ዛሬ ናብሉስ በምትባለው በሰማርያ ምድር ከጣዖት አምላኪ ቤተሰብ ተወለደ። እውነትን ፍለጋ በየፈላስፋው ደጅ ሲዞር ኖረ። የፕላቶ ተከታይ ሳለ በክርስቲያኖች ላይ የሚወራውን ሁሉ ይሰማ ነበር። ነገር ግን ሞትን ሳይፈሩ ሲጋፈጡ ባያቸው ጊዜ በልቡ አንድ ነገር አሰበ፦ በሥጋ ደስታ የሚኖርና የሰው ሥጋ የሚበላ ሰው ደስታውን ሁሉ የሚያሳጣውን ሞት እንዲህ በጸጋ ሊቀበል አይችልም። ወሬውን የሻረለት ክርክር አልነበረም፤ ያየው ሕይወት ነበር። አምኖ ከተጠመቀ በኋላም የፈላስፋ ልብሱን ሳይጥል በሮም ከተማ ማስተማር ጀመረ።

በ155 ዓ.ም. ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ ለአንቶኒኖስ ፒዮስና ለልጆቹ የተላከ የመከላከያ ጽሑፍ ጻፈ። በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እናስተውላለን።

በመጀመሪያ የጠየቀው ምሕረትን ሳይሆን ምርመራን ነው። ክርስቲያን የሚለው ስም ብቻውን የሚያስቀጣም የሚያስመሰግንም ሊሆን አይገባም፤ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ይታይ አለ። በደል የተገኘበት እንደ በደለኛ ይቀጣ፤ ያልተገኘበት ግን ስለ ስሙ አይገደል።

ሁለተኛም በመካከላችን ክፉ የለም ብሎ አልዋሸም። የጌታን ስም በአፋቸው እየጠሩ እንደ ትምህርቱ የማይኖሩ ሰዎች ክርስቲያኖች ተብለው እንዳይቆጠሩ ተናገረ፤ እነዚህ እንዲቀጡም ራሱ ጠየቀ። የቤተ ክርስቲያንን ክብር የበደለኞችን ገመና በመሸፈን አልጠበቀም። ይህን ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ከሁሉ ይደንቃል። ወሬው የተወለደው ከተዘጋ በር ኋላ ነውና ዮስጢኖስ በሩን ከፈተው። ጥምቀት እንዴት እንደሚፈጸም፣ እሑድ የከተማውም የገጠሩም ሰው በአንድ ቦታ እንደሚሰበሰብ፣ የሐዋርያት መታሰቢያና የነቢያት መጻሕፍት ጊዜ እስከ ፈቀደ ድረስ እንደሚነበቡ፣ ከዚያም የጉባኤው መሪ እንደሚመክር፣ ጸሎት እንደሚደረግ፣ ኅብስትና ውኃ የተቀላቀለበት ወይን ቀርቦ ምስጋና ከደረሰ በኋላ ለሕዝቡ እንደሚሰጥ፣ ላልመጡትም በዲያቆናት እጅ እንደሚላክላቸው ጻፈ። ሀብት ያለው በፈቃዱ የሚሰጠው ገንዘብም ለወላጅ አልባዎች፣ ለመበለቶች፣ ለድውያን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚውል አስረዳ። ዛሬ ቅዳሴያችን በዚያ ጥንታዊ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ከምናውቅባቸው ምስክሮች አንዱ ይህ ጽሑፍ ነው። ለስም አጥፊዎች የተሰጠ መልስ ለእኛ መዝገብ ሆነልን።

ሕይወቱም እንደ ቃሉ ነበረ። ቅሬስቄንስ የሚባል ፈላስፋ ስለ ክርስቲያኖች በአደባባይ ክፉ ይናገር ነበር። ዮስጢኖስ ቀርቦ በጥያቄ መረመረውና ሰውዬው ስለሚናገርበት ነገር እንደማያውቅ ገለጠበት፤ ክርክሩም በነገሥታቱ ፊት እንዲደገም ዝግጁ መሆኑን ጻፈ።

በ165 ዓ.ም. ገደማ በከተማይቱ ሹም በሩስቲኮስ ፊት ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋር ቆመ። ሹሙ የት እንደሚሰበሰቡ ጠየቀው። ዮስጢኖስ በአንድ መታጠቢያ ቤት በላይ እንደሚኖር፣ ወደ እርሱ ሊመጣ ለወደደ ሁሉም የእውነትን ቃል እንደሚያካፍል ሳይደብቅ መለሰ። ከዚያ በኋላ ሹሙ ወደ ተማሪዎቹ ዘወር ብሎ ክርስቲያን ያደረጋችሁ ዮስጢኖስ ነውን ብሎ ጠየቃቸው። «ወጣቶችን ያበላሻል» የሚለው ክስ እዚህ ላይ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። አንዱ ጥንትም ክርስቲያን ነበርሁ፣ እሆናለሁም አለ። ሌላው ይህን መልካም እምነት ከወላጆቼ ተቀበልሁ አለ። ኤውልጲስጦስ የተባለው ደግሞ የዮስጢኖስን ቃል በደስታ ይሰማ እንደነበር፣ ክርስትናን ግን በቀጰዶቅያ ካሉ ወላጆቹ እንደተማረ መሰከረ። ሶቅራጥስ በአቴና የጠራቸው ምስክሮች ተቀምጠው ዝም ብለው ነበር። የዮስጢኖስ ምስክሮች ግን ተናገሩ፤ ከመምህራቸው ጋርም አንገታቸውን ለሰይፍ ሰጡ።

አቴናጎራስና የልዮን ሰማዕታት

በ177 ዓ.ም. ገደማ አቴናጎራስ የተባለ የአቴና ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ ለማርቆስ አውሬልዮስና ለልጁ ለኮሞዶስ ሌላ የመከላከያ ጽሑፍ አቀረበ። እርሱ ሦስቱን ክሶች በየተራ ስም ጠርቶ መለሰ። ስለ ሰው መብላት ክስ የሰጠው መልስ አጭርና ብርቱ ነው። እኛ በአደባባይ ሰዎች እርስ በርስ ሲጋደሉ መመልከትን እንኳ ከመግደል አናሳንሰውም፤ በማኅፀን ያለውን ፅንስ ማጥፋትም መግደል ነው እንላለን፤ ታዲያ እንዴት ሰው ገድለን እንበላለን? ይላል። አካሄዱን አስተውሉ። ከሳሹን አልሰደበም፤ ሁሉ የሚያውቀውን የክርስቲያኖችን ኑሮ አምጥቶ ከክሱ ጋር አስተያየው።

በዚያው ጊዜ ዛሬ ፈረንሳይ በምትባለው አገር በልዮንና በቪዬን ከተሞች ስደት ተነሣ። የክርስቲያኖች አገልጋዮች የነበሩ አሕዛብ ሥቃዩን ፈርተው ወሬውን ሁሉ እውነት ነው ብለው መሰከሩ፤ የሕዝቡም ቁጣ ነደደ። አንዲት ብላንዲና የተባለች ባሪያ፣ ሰውነቷ ደካማ ስለነበር ትጸናለች ተብላ ያልታሰበች፣ ከማለዳ እስከ ማታ ስትሠቃይ ክርስቲያን ናት፣ በመካከላቸውም የሚሠራ ክፉ ነገር የለም ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም። ቢብሊስ የምትባል ሴት በመጀመሪያ ክዳ ነበር፤ በወገኖቿ ላይ እንድትመሰክር ሲያሠቃዩዋት ግን ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ሆና፣ የእንስሳን ደም እንኳ መብላት የማይፈቀድላቸው ሰዎች እንዴት ሕፃናትን ይበላሉ ብላ መለሰች፤ ከሰማዕታትም ጋር ተቆጠረች። ጶንጢቆስ የተባለ የ15 ዓመት ያህል ብላቴናም እስከ ሞት ጸና። ከእነዚህ አንዳቸውም ፈላስፎች አልነበሩም። ነገር ግን የሚኖሩትን ያውቁ ነበር፤ የሚያውቁትንም ተናገሩ።

ኬልሶስ፦ ወጣቶችን ስለ ማሳት የቀረበ የተማረ ሰው ክስ

በመንገድ ላይ ከሚወራው ወሬ በላይ የሚከብድ ክስም መጣ። በ178 ዓ.ም. ገደማ ኬልሶስ የተባለ ፈላስፋ «እውነተኛ ቃል» የሚል መጽሐፍ በክርስቲያኖች ላይ ጻፈ። መጽሐፍ ቅዱስን አንብቦ፣ አስቦበት የጻፈ ሰው ነው። ከክሶቹ አንዱ በቀጥታ እኛን፣ ወጣቶችን የምናስተምረውን ይመለከታል። በየቤቱ ያሉ ሱፍ ሠሪዎች፣ ጫማ ሰፊዎችና ልብስ አጣቢዎች በሊቃውንትና በቤቱ ጌቶች ፊት አፋቸውን አይከፍቱም፤ ልጆችንና ያልተማሩ ሴቶችን ለብቻቸው ሲያገኙ ግን አባቶቻችሁንና መምህራኖቻችሁን አትስሙ፣ ደስታን የምታገኙት እኛን ስትሰሙ ነው ይሏቸዋል ብሎ ጻፈ። ወላጅ ልጄን ማን ይዞብኛል ብሎ እንዲሰጋ ለማድረግ ከዚህ የተሻለ ክስ አይገኝም።

ለዚህ መጽሐፍ ሰፊ መልስ የጻፈው በመጻሕፍታችን አርጌንስ የሚባለው ኦሪጀን ነው። አርጌንስ ገና በ18 ዓመቱ ገደማ በእስክንድርያ የትምህርተ ክርስትና ት/ቤት መምህር የሆነ ሰው ነው። አንዳንድ ትምህርቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ዶግማ ስለወጡ ተወግዘዋል፤ እኛም ከቅዱሳን አባቶች ጋር አንቆጥረውም። ሆኖም በ248 ዓ.ም. ገደማ አምብሮስዮስ የተባለ ወዳጁ ለምኖት የጻፈው ባለ ስምንት ክፍል መልስ በታሪክ ትልቅ ቦታ አለው።

በመቅድሙ ላይ የጻፈው ነገር መልስ ለመስጠት የሚቸኩለውን ሁሉ የሚገሥጽ ነው። ጌታችን የሐሰት ምስክሮች በተነሡበት ጊዜ ዝም ብሏል፤ ሕይወቱና ሥራው ከማንኛውም መከላከያ በላይ ነበርና ይላል። ታዲያ ለምን ጻፈ? በእምነት ለጸኑት ሳይሆን፣ የኬልሶስን ቃል ሰምተው ሊናወጡ ለሚችሉት ደካሞችና ገና ላላመኑት ብሎ ጻፈ። የመልሱ ዓላማ ከሳሹን ማዋረድ ሳይሆን የሚሰማውን ሰው መጠበቅ ሆነ።

ስለ ወጣቶቹ ክስ ሲመልስም ማስረጃ ጠየቀ። ከየትኛው መልካም ካስተማረ አባት፣ ከየትኛው ጠቢብ መምህር ልጆችን እንዳራቅን ያሳየን አለ። ከዚያም በተግባር የሚሆነውን አቀረበ፦ ሴቶችን ከዝሙትና ከባሎቻቸው ጋር ከመጣላት፣ ከቴአትርና ከጭፈራ ሱስ እናወጣቸዋለን፤ በፍትወት ዕድሜ ያሉ ብላቴኖችንም የኃጢአትን ነውርና የነፍስን ጉዳት እያሳየን ራሳቸውን እንዲገዙ እናስተምራለን አለ። ትምህርቱ በስውር ነው ለተባለውም ክርስቲያኖች የሚሰብኩት ነገር በዓለም ሁሉ ከፈላስፎች አሳብ ይልቅ የታወቀ ነው ብሎ መለሰ።

አንድ ታላቅ ነገር ልብ በሉ። የኬልሶስ መጽሐፍ ራሱ ጠፍቷል። ዛሬ የምናውቀው አርጌንስ የከሳሹን ቃል ሳይሸራርፍ እየጠቀሰ በየነጥቡ ስለመለሰ ብቻ ነው። ክርስቲያኑ መላሽ የጠላቱን ክስ በታማኝነት ስለጠቀሰ ከሺህ ስምንት መቶ ዓመታት በኋላ እንኳ ከሳሹ ምን እንዳለ ከከሳሹ ተቃዋሚ እንሰማለን። እውነትን የያዘ ሰው የባላጋራውን ቃል ለማሳጠርና ለማጣመም ምክንያት የለውም።

በእኛ አገር፦ የዐፄ ገላውዴዎስ መልስ

ይህ የአመላለስ ሥርዓት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1540 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳሉ ነገሡ። አገሪቱ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ፈርሳ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው ነበር። በችግሩ ጊዜ የፖርቱጋል ወታደሮች ደርሰው ረድተዋል፤ በ1543ም ጦርነቱ በንጉሡ ድል ተፈጸመ። ነገር ግን ከእርዳታው በኋላ ሌላ ጥያቄ መጣ። በ1555 ጎንሳሎ ሮድሪጌዝ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ወደ ቤተ መንግሥቱ መጥቶ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ስሕተቶች ያላቸውን ዘርዝሮ በጽሑፍ አቀረበ። በአውሮፓም ኢትዮጵያውያን ቀዳሚት ሰንበትን ያከብራሉ፣ ይገረዛሉ፣ የእርያ ሥጋ አይበሉም፤ ስለዚህ አይሁድ ናቸው ይባል ነበር።

ንጉሡ በዚያው ዓመት ዛሬ «የገላውዴዎስ የሃይማኖት መግለጫ» ተብሎ የሚታወቀውን አጭር ጽሑፍ በግእዝ አወጡ። የጀመሩት ከክሱ አይደለም። በመጀመሪያ በቅድስት ሥላሴ፣ በጌታችን ሰው መሆን፣ በሞቱና በትንሣኤው ያላቸውን እምነት መሰከሩ። ከዚያ በኋላ ሦስቱን ነገሮች በየተራ አነሡ። ቀዳሚትን የምናከብረው ውኃ እንደማይቀዱበትና እሳት እንደማያነዱበት አይሁድ አይደለም፤ ቅዱስ ቁርባን እናቀርብበታለን፣ ማዕደ ፍቅርም እናደርግበታለን አሉ። ግዝረት የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፣ በሕንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው አሉ። የእርያ ሥጋንም የምንተወው ሕገ ኦሪት ይዞን አይደለም፤ የሚበላውን አንነቅፍም፣ የማይበላውንም አናስገድድም ብለው መለሱ።

እጅግ የሚያስደንቀው የጽሑፉ እርጋታ ነው። ወታደሮቻቸው ውለታ የዋሉለትን ሕዝብ አልሰደቡም፤ ለውለታው ሲሉም ሃይማኖታቸውን አላሳነሱም። ኢየሱሳውያኑ በመልሱ አልረኩም፤ ክርክሩም ንጉሡ በ1559 በጦር ሜዳ እስከ ወደቁበት ጊዜ ቀጠለ። ነገር ግን ጽሑፉ ከንጉሡም ከተከራካሪዎቻቸውም ዕድሜ በላይ ኖረ። በ17ኛው መቶ ዓመት ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ለአውሮፓ ምሁራን አስተዋወቀው፤ ቤተ ክርስቲያናችንን በራሷ ልጅ አንደበት ለማወቅ ለሚፈልጉም እስከ ዛሬ ምስክር ሆኗል።

እኛስ ምን እንማር?

አንደኛ፣ ክሱን እስከ መጨረሻው እንስማ። አርጌንስ የኬልሶስን መጽሐፍ ሳያነብ አልመለሰም። ርእሱን ብቻ አይቶ፣ የሰው አስተያየት ተከትሎ የሚመልስ ወጣት የሚከላከለው ቤተ ክርስቲያንን አይደለም፤ የራሱን ስሜት ነው።

ሁለተኛ፣ ከሳሹ ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ስም የሌለው፣ ማስረጃ የሌለው ጽሑፍ ከእጃችን አይለፍ። ይህ ስለ እኛ የተጻፈውን ብቻ የሚመለከት ሥርዓት አይደለም። ስለ ሌላው እምነት፣ ስለ ሌላው ሰው የተጻፈውንም በዚሁ ሚዛን እንመዝን። በእኛ ላይ ሲሆን ሐሰት፣ በሌላው ላይ ሲሆን እውነት የሚሆን ወሬ የለም።

ሦስተኛ፣ በነቀፋው ውስጥ እውነት ካለ እንቀበል። ቅዱስ ዮስጢኖስ እንደ ቃሉ የማይኖረው ይመርመር ያለውን አስታውሱ። በመካከላችን ሕፃን የበደለ፣ የምእመናንን ገንዘብ ያጎደለ፣ የወጣትን ምሥጢር ያባከነ ሰው ቢገኝ የቤተ ክርስቲያን ስም ይነሣል ብሎ መሸፈን ስሟን አያድንም። በአባቶች ዘንድም፣ እንደ ነገሩም በሕግ ፊት ይታይ። የተበደለውን ልጅ ዝም አሰኝቶ ለጋዜጣው መልስ የሚጽፍ ጉባኤ ከዐቃብያነ እምነት ወገን አይደለም።

አራተኛ፣ በሩን እንክፈት። ወላጆች በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻቸው ምን እንደሚማሩ የማወቅ መብት አላቸው። መርሐ ግብሩን እናሳያቸው፤ መጥተው ይቀመጡ፤ ይጠይቁ። ኬልሶስ በጨለማ ያየውን ነገር ሁሉ ብርሃን ይፈታዋል። እናንተም ወጣቶች ሆይ፣ ከአባትህና ከእናትህ ሰውር የሚላችሁ መካሪ ቢገጥማችሁ እርሱን ፍሩ።

አምስተኛ፣ የምናምነውን እንወቅ። ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ በእኛ ስላለው ተስፋ ምክንያትን ለሚጠይቁን ሁሉ ለመመለስ ዘወትር የተዘጋጀን እንድንሆን፣ ይህንም በየዋህነትና በፍርሃት እንድናደርገው አዝዞናል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ዝግጅቱም የዋህነቱም አሉ፤ አንዱን ይዘን ሌላውን መጣል አይቻለንም። ዐፄ ገላውዴዎስ ከክሱ በፊት እምነታቸውን መናገር የቻሉት እምነታቸውን ስላወቁ ነው።

ስድስተኛ፣ መቼ ዝም እንደምንል እንወቅ። ጌታችን በሐሰት ምስክሮች ፊት ዝም ብሏል። ሊያስቆጣን ብቻ ለሚናገር ሰው ምላሽ ዕዳ የለብንም። ነገር ግን በጎናችን የተቀመጠ አንድ ታናሽ ወንድም ወይም አንዲት ታናሽ እኅት በሰሙት ነገር ልባቸው ከታወከ ያን ጊዜ መናገር ፍቅር ነው።

የተወደዳችሁ፣ ከሁሉ የሚበልጠው መልስ ግን በወረቀት አይጻፍም። ዮስጢኖስን የመለሰው የሰማዕታት ጽናት ነበር፤ የልዮንን ወሬ የረታው የአንዲት ባሪያ ምስክርነት ነበር። ዛሬም «ያ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹን ምን አደረጋቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያነበው ከእናንተ ነው፤ ፈተና ላይ ባለመኮረጃችሁ፣ ሥራ ላይ ጉቦ ባለመቀበላችሁ፣ በቤታችሁ ለወላጆቻችሁ በመታዘዛችሁ፣ የታመመ ጎረቤት በመጠየቃችሁ። በዚህ የጸና ሰው በሹም ፊት ቢቆም እንኳ ምን እንደሚናገር አይቸገርም።

የአባቶቻችን ማስተዋልና ትዕግሥት በሁላችን ይደር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።